እሳቱ ከጠፋ በኋላ ያለው አየር፦ የጋለ የእሳት ማጥፊያ ኬሚካል ሳንባችሁን እንዳይጎዳ ምን ታደርጋላችሁ?

እሳቱ ጠፋ። ሲሊንደሩ ባዶ ሆነ። ክፍሉ በነጭ ዱቄት ታፍኗል። ሰው ሁሉ «ተመስገን» እያለ ምን እንደተረፈ ለማየት ይገባል። ይህ መመሪያ በዋናነት ስለዚያ መግባት ነው።

እሳት ማጥፊያው ውስጥ ያለው ኬሚካል ሲሊንደሩ ውስጥ እያለ አንድ ነገር ነው። እሳት ከነካው በኋላ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ቀዝቅዞ ሳለ ብዙም የማይጎዳ ጋዝ የጋለ ብረት ሲያገኝ ሳንባ የሚያቃጥል አሲድ ይወልዳል። አንዳንዱ ወዲያው ያሳስላል። አንዳንዱ ግን ዝም ብሎ ገብቶ ሌሊት ላይ ይነሳል።

እሳት ማጥፊያ አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም። የሚነድ የስፖንጅ ፍራሽ ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ አለ። ከዚያ ጭስ ጋር ሲተያይ የሲሊንደሩ ዱቄት ቀላል ነው። ገና ትንሽ ሳለ የጠፋ እሳት ሁልጊዜ ይሻላል። ጥያቄው ካጠፋችሁ በኋላ እዚያው ስንት ደቂቃ ትቆማላችሁ የሚለው ነው። መልሱ፦ አንድም።

የጻፍኩት ባሕር ዳር ላይ ፔንሲዮን፣ ዓሣ ቤት፣ ጋራዥ ወይም ሰርቨር ያለው ቢሮ ለያዛችሁ፣ ጣና ላይም ሞተር ጀልባ ለምትነዱ ነው። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ቀይ ሲሊንደር የሰቀለ ሰውም ይጠቀምበታል።

ደረጃ 1፦ ሲሊንደሩ ውስጥ ምን እንዳለ እወቁ

ዛሬውኑ ሂዱና መለያውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ብዙ ሰው የሚያየው ጌጁን ነው፤ መርፌው አረንጓዴው ላይ ካለ ይበቃዋል። ጌጁ ግን የሚናገረው ስለ ግፊቱ ነው። ስለ ይዘቱ የሚናገረው ጽሑፉ ነው።

በብዛት የምታገኙት «ኤቢሲ» የሚል የዱቄት ማጥፊያ ነው። ውስጡ ሞኖአሞኒየም ፎስፌት የሚባል ጨው አለ። ገበሬው ከሚያውቀው ዳፕ ማዳበሪያ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል። የሚነደውን እንጨት ወይም ጨርቅ ሸፍኖ የሚያፍነውም ይህ ቅልጡ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር አሞኒያ ይለቃል፣ የሚቀረውም ወደ ፎስፎሪክ አሲድና መሰሎቹ ይለወጣል። አሞኒያውን አፍንጫ ወዲያው ያውቀዋል፣ ዓይንም ያስለቅሳል። ዱቄቱ ራሱ እንደ መርዝ አይቆጠርም። ዝግ ክፍል ውስጥ ግን ጉሮሮና ሳንባ ያስቆጣል። አስም ያለበትን ሰው ክፉኛ ሊይዘው ይችላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በሩ የት እንዳለ አያሳይም። ጣሪያ ላይ የሚሰቀሉት ወይም እሳት ውስጥ የሚወረወሩት ኳሶችም አብዛኞቹ የያዙት ይህንኑ ዱቄት ነው።

«ቢሲ» ብቻ የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፤ ዳቦ ቤት የሚያውቀው ሶዳ። ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ እንፋሎት ይለቃል። ከሁሉም የዋሁ ይኸኛው ነው።

ጌጅ የሌለው፣ አፉ ላይ ትልቅ ጥቁር ቀንድ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ነው። ይህ በተለመደ እሳት ቢግልም ወደ ሌላ መርዝ አይለወጥም። ጣጣው ሌላ ነው፤ ደረጃ 2 ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሰርቨር ክፍል፣ የባንክ ኮምፒውተር ክፍል ወይም የጀነሬተር ቤት ካላችሁ መለያው ላይ «ኤፍኤም-200»፣ «ኤችኤፍሲ-227» ወይም «ሃሎን» የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ። እነዚህ ዱቄት የማይተዉ፣ ዕቃ የማያበላሹ ጋዞች ናቸው። የሚወደዱትም ለዚህ ነው። ነገር ግን በውስጣቸው ፍሎሪን አለ፤ ሃሎኖቹ ላይ ደግሞ ብሮሚን ይጨመራል። ሃሎን 1301 ወደ 480 ዲግሪ ገደማ ሲግል መፈራረስ ይጀምራል። ኤፍኤም-200 ትንሽ ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል፣ ግን የነበልባል ሙቀት ከዚያም ይበልጣል። ሲፈራረሱ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባለውን አሲድ ይለቃሉ። ሃሎን 1211 ከሆነ ሃይድሮጅን ብሮማይድና ሃይድሮጅን ክሎራይድም ይከተላሉ።

ይህ ምን ያህል ክፉ ነው? ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም አየር ውስጥ ሲገኝ ሕይወትን ወዲያው አደጋ ላይ የሚጥለውን መጠን ለየኬሚካሉ መድቧል። ለአሞኒያ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 300 ነው። ለሃይድሮጅን ፍሎራይድ 30 ነው። አንድ ነገር ግን ይረዳችኋል። እነዚህ አሲዶች አይደበቁም። ቤት ውስጥ በርበሬ ሲቆላ እንደሚያስለው፣ ገና ጥቂት ሳሉ ጉሮሮ ይይዛሉ፣ ዓይን ያቃጥላሉ። ያ ስሜት ከመጣ ለማጣራት አትቁሙ። ውጡ።

የሚፈጠረው አሲድ መጠን በእሳቱ ትልቅነትና በምን ፍጥነት እንደጠፋ ይወሰናል። ትንሽ እሳት ላይ ቶሎ ከተለቀቀ አሲዱ ጥቂት ነው። ገንፍሎ የሄደ እሳት ላይ ቀስ እያለ ከተረጨ ብዙ ነው። በኤፍኤም-200 የሚሠሩ አውቶማቲክ ሲስተሞች ጋዛቸውን በ10 ሰከንድ ውስጥ እንዲለቁ የሚደረገው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ሃሎን የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ ቆሟል፤ ባደጉት አገሮች ከ1994 ጀምሮ፣ በታዳጊዎቹ ደግሞ እስከ 2010። ስለዚህ ሃሎን 1211 ወይም «ቢሲኤፍ» የሚል የእጅ ሲሊንደር ካገኛችሁ ዕድሜው የገፋ ነው። በድሮው የእንግሊዝ ቀለም ከተሠራ ገላው ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ይሆናል። ቀለም ግን አታምኑ፣ ጽሑፉን አንብቡ።

የመጨረሻው ክፉ የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ፣ የጥንት መኪና ወዳጅ ወይም አሮጌ መጋዘን የወረሰ ሰው ሊያገኘው የሚችለው ነው። ከናስ የተሠራ፣ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ የመሰለ ማጥፊያ ነው። ወይም ፈሳሽ የሞላው የመስታወት ኳስ። እ.ኤ.አ. ከ1910ዎቹ ጀምሮ «ፓይሪን» የተባለው ኩባንያና ሌሎችም በካርቦን ቴትራክሎራይድ እየሞሉ ሸጠዋቸዋል። ፈሳሹ በራሱ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል። የጋለ ብረት ላይ ሲረጭ ደግሞ ፎስጂን ይፈጥራል። ፎስጂን በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመርዝ ጋዝ ከሞቱት ወታደሮች አብዛኞቹን የገደለ ጋዝ ነው። የእርሱ አደገኛ ልክ ከሚሊዮን 2 ብቻ ነው። ሽታው የታጨደ ሣር ይመስላል፣ አያስፈራም። አፍንጫ ሲያሸተው ደግሞ ከጤናማው ልክ አልፏል። እንዲህ ያለ ዕቃ ካላችሁ ለጌጥ አትስቀሉት፣ አትክፈቱት፣ ጣና ዳር ወስዳችሁም አትድፉት። ሰው በማይደርስበት፣ አየር በሚገባበት ቦታ አስቀምጡና ለከተማው የእሳት አደጋ ሠራተኞች አሳዩ።

ደረጃ 2፦ ክፍላችሁን ለኩ

ይህን የሚያደርግ ሰው አላየሁም፣ ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታ አባዙ። 3 በ3 የሆነ፣ ጣሪያው 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ቢሮ 22.5 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል።

አሁን 5 ኪሎ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር እዚያ ውስጥ ባዶ አደረጋችሁ እንበል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ጋዙ እዚህ ሲለቀቅ ከባሕር ወለል ይልቅ አንድ አራተኛ ያህል ይበልጥ ይሰፋል። 5 ኪሎው ከ3 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። በሩ ዝግ ከሆነ የክፍሉ አየር ከ10 በመቶ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነ ማለት ነው። በዚህ መጠን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል። 4 በመቶው ብቻ እንኳ እንደ አደገኛ ይቆጠራል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም።

ጋዙ ከአየር 1.5 እጥፍ ይከብዳል፣ ስለዚህ ወደ ታች ይወርዳል። ሃሎኖቹ 5 እጥፍና ከዚያ በላይ ይከብዳሉ። ምድር ቤት፣ የጋራዥ ጉድጓድ፣ የጀልባ ወለል ሥር ያለ ባዶ ቦታ ይሰበስባቸዋል። እዚያ ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ ሰው ቀና ላይል ይችላል።

ከልኬቱ የሚወጡ ሁለት ውሳኔዎች አሉ። ሲሊንደሩን ክፍሉ ውስጥ ሳይሆን ከበሩ ውጭ ወይም በሩ ሥር ስቀሉ፤ እሱን ለማምጣት ጭስ ውስጥ መግባት የለባችሁም። ጠባብ ክፍል ከሆነ ደግሞ ከበሩ ላይ ቆማችሁ ወደ ውስጥ እንደምትረጩ ከአሁኑ ወስኑ።

መዋኛ ያላችሁ ሆቴሎች አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለባችሁ። የመዋኛው ክሎሪን የተቀመጠበት መጋዘን አጠገብ የኤቢሲ ዱቄት አትስቀሉ። አሞኒየም ያለበት ዱቄትና ክሎሪን ሲገናኙ በኃይል ይዋጋሉ፣ መርዛማ ጋዝም ይወጣል። እዚያ የሚሠራው ብዙ ውኃ ነው።

ደረጃ 3፦ ከመርጨታችሁ በፊት ያሉት ጥቂት ሰከንዶች

ጩኹ፣ ሰው አስወጡ። የከተማውን የእሳት አደጋ ስልክ ቀድማችሁ መዝግቡ፤ በዚያ ሰዓት ማፈላለግ አይሆንም።

ከዚያ መብራቱን ከብሬከሩ አጥፉ፣ ቡታጋዙንም ዝጉ። ስለ ንዝረት ብቻ አይደለም የምለው። መብራት ያልጠፋ ገመድ እየተንጣጣ ከቀጠለ የረጫችሁትን ጋዝ ማፈራረሱን አያቆምም። እሳቱ የጠፋ ይመስላችኋል፣ አሲዱ ግን መመረቱን ቀጥሏል።

ጭሱ ከደረታችሁ ዝቅ ብሎ ከወረደ፣ ወይም እሳቱ ጣሪያ ከነካ፣ ሲሊንደሩን ተዉት። በሩን ዘግታችሁ ውጡ።

ማስክ ላይ የተሳሳተ እምነት አለ። የሐኪም ቤት ማስክ ጋዝ አያቆምም። ወፍራሙ የአቧራ ማስክ ዱቄቱን ይይዛል፣ ጋዙን ግን አይዝም። እርጥብ ፎጣ ጥላሸትና ውኃ ውስጥ የሚሟሙ ጋዞችን ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን በፍጹም። ለመውጣት ይረዳችሁ እንደሆነ እንጂ ለመግባት ድፍረት አይስጣችሁ።

ደረጃ 4፦ ነፋሱን ለጀርባችሁ ስጡ

ፒኑን ንቀሉ፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ራቁ፣ የእሳቱን ሥር አነጣጥሩ፣ ግራና ቀኝ እያላችሁ ርጩ። ይህን ሁሉም ያስተምራል። የማይነገረው የነፋሱ ነገር ነው።

ባሕር ዳር ላይ ብዙ ጊዜ ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ ማታ ይገለበጣል። ሐይቁ ዳር ያለ መዝናኛ ውስጥ ቀን ላይ እሳት ከተነሳ ጀርባችሁን ለጣና ሰጥታችሁ መርጨት ይሻላል ማለት ነው። ግን በልማድ ብቻ አትሂዱ። ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ እዩ፣ እናንተ በተቃራኒው ቁሙ። የባጃጅ ሞተር ሲቀጣጠልም እንዲሁ ነው። ጎንበስ ብሎ ሞተሩ ላይ የሚረጭ ሰው የዱቄቱንም፣ የፕላስቲኩንም ጭስ ሙሉ በሙሉ ይስበዋል።

ዓሣ ቤት ውስጥ መጥበሻው ከተቀጣጠለ መጀመሪያ ክዳን ነው። ምድጃውን አጥፉ፣ ክዳኑን ከጎን አንሸራታችሁ ጣሉበት፣ አትንኩት። ውኃ በጭራሽ። ክዳን ከሌለ ዱቄቱን ከሩቅ ርጩ፤ ቀርባችሁ ከረጫችሁ ግፊቱ የሚነደውን ዘይት ይበትነዋል። ኤቢሲ ዱቄት የዘይትን ነበልባል ያጠፋል እንጂ ዘይቱን አያቀዘቅዝም። ተመልሶ ሊነሳ ይችላል፣ እንደገናም ትረጫላችሁ፣ አየሩ ሁለት ጊዜ ይበላሻል። ብዙ የሚጠብስ ቤት ለዘይት እሳት የተሠራውን «ኤፍ» የሚል የፈሳሽ ኬሚካል ማጥፊያ ቢገዛ ገንዘቡን አላባከነም።

ጀልባ ላይ ደግሞ መሸሻ የለም። ወደ ዘጌ የሚወስደው መንገድ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ መሐል ላይ ሞተሩ ቢቀጣጠል ራሳችሁ ናችሁ። ሞተሩን አጥፉ፣ የቤንዚኑን መስመር ዝጉ። ተሳፋሪው ክብደቱን ሳያዛባ ወደ ፊት ይሂድ። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የጀልባውን አፍንጫ በመቅዘፊያ ወደ ነፋሱ አዙሩ። ያኔ ጭሱም ዱቄቱም በኋላ በኩል ከሰው ይርቃል። ሞተሩ ከወለል በታች የተቀበረ ከሆነ ክዳኑን ወለል አድርጋችሁ አትክፈቱ። ጥቂት ገርበብ አድርጋችሁ በቀዳዳው ርጩና መልሳችሁ ዝጉ። ከዚያ ማንም ወደዚያ ጉድጓድ አንገቱን አያስገባ።

ደረጃ 5፦ ውጡና በሩን ዝጉ

ነበልባሉ እንደጠፋ ወደ ኋላ እያላችሁ ውጡ። ፊታችሁን ከእሳቱ አታዙሩ። በሩን ዝጉት።

እዚህ ላይ ሰው ይቸኩላል። ላፕቶፑ፣ የገንዘብ መያዣው፣ የእንግዳው ፓስፖርት። ክፍሉ ውስጥ ግን ብረቱ ገና የጋለ ነው፣ ጋዙ እየተፈራረሰ ነው። በሩን ወዲያው ብትከፍቱት ደግሞ አዲስ አየር ገብቶ የታፈነውን ፍም ሊያስነሳው ይችላል። እሳቱ በጋዝ የሚጠፋበት ሰርቨር ክፍል ከሆነ ቢያንስ 10 ደቂቃ ዝግ ሆኖ መቆየት አለበት።

ከዚያ በሩን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ካልጋለ መስኮቶቹን ከውጭ በኩል ክፈቱ፣ በሩንም ክፈቱና ራቁ። ሁለት ትይዩ መክፈቻ ካለ አየሩ ይመላለሳል። አንድ በር ብቻ ያለው ክፍል ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። በሩ ላይ ቬንቲሌተር ካቆማችሁ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሩትና የሚያገኘውን መብራት ከሌላ ክፍል ሳቡ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከመጡ መተንፈሻ ያላቸው እነሱ ናቸው፤ እነሱ ይግቡ።

ደረጃ 6፦ ያጠፋውን ሰው ተከታተሉ

ዓይኑና ፊቱ በንጹሕ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ዱቄት ወይም ጋዝ የጠጣ ልብሱ ይውለቅ። ሃሎን ወይም ኤፍኤም-200 ከነበረና ቆዳው ካቃጠለው ታጥቦም ቢሆን ሐኪም ይየው። ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ከቆዳ በታች እየሰረሰረ ይሄዳልና ሐኪሞች ካልሲየም ግሉኮኔት የሚባል ቅባት ይጠቀማሉ።

ከዚያ ሰውየውን አስቀምጡት። ይህን አጥብቄ የምለው እኛ ዘንድ እሳት ያጠፋው ጀግና ወዲያው ዕቃ ማውጣት ስለሚጀምር ነው። ሳንባው ከተጎዳ እንቅስቃሴ ያባብሰዋል። አይሩጥ፣ አይሸከም፣ ፎቅ አይውጣ።

ወተት አትስጡት። ቀለም ቀቢውም የፋብሪካ ሠራተኛውም ኬሚካል ከሸተተው ወተት ይጠጣል። ወተት ግን የሚሄደው ወደ ሆድ ነው። ሳንባ ውስጥ የገባውን አሲድ አያገኘውም። በሚያስልና በሚያስመልስ ሰው ላይ ደግሞ ትንታ ያመጣል።

አሁን ዋናው ነገር። ፎስጂንም ሆነ አሲዶቹ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ የሚያጠራቅሙት ዘግይተው ሊሆን ይችላል። ሰውየው ጥቂት ያስላል፣ ከዚያ ይሻለዋል፣ «ደህና ነኝ» ብሎ ቤቱ ይሄዳል። ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም እስከ 24 ወይም 48 ሰዓት ቆይቶ፣ ትንፋሹ ማጠር ይጀምራል። ደረቱ ይጨመቃል። ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ሲያስል አረፋ ይወጣዋል። ስለዚህ በዝግ ቦታ ኬሚካል የሳበ ሰው በዚያ ሌሊት ብቻውን አይደር።

ሐኪም ቤት ለመሄድ ግን አረፋ አትጠብቁ። ሳሉ ካልተወ፣ ሲተነፍስ ካፏጨ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ራሱን ስቶ ከነበረ፣ አስም ካለበት፣ ወይም ማጥፊያው ሃሎን፣ ኤፍኤም-200 ወይም ካርቦን ቴትራክሎራይድ ከነበረ ወዲያው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ውሰዱት። የመለያውን ፎቶ ለሐኪሙ አሳዩ። «ጭስ ነካው» ማለትና «ሃሎን 1211 በዝግ ክፍል ውስጥ» ማለት ለሐኪም እጅግ ይለያያሉ።

ደረጃ 7፦ ስታጸዱ በረኪና አትንኩ

ነጭ ዱቄት ያየ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ውኃና በረኪና ነው። የኤቢሲ ዱቄት ላይ በረኪና ካፈሰሳችሁ ክሎራሚን የሚባል ሳንባ የሚያስቆጣ ጋዝ ይነሳል። ከእሳቱ የተረፈ ሰው በጽዳት ይታመማል።

ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘና ከተናፈሰ በኋላ ግቡ። የአቧራ ማስክ፣ ጓንት፣ መነጽር አድርጉ። በደረቁ በመጥረጊያ አታቡኑት፤ እርጥብ ጨርቅ ተጠቀሙ፣ ከዚያ በተራ ሳሙና እጠቡ። ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ላይ ያረፈውን ግን ደረቅ አድርጋችሁ በብሩሽ አንሱት፣ አታሳድሩት። ዱቄቱ እርጥበት ይስባልና ብረት ይበላል። ክዳን ያልነበረው ምግብ ሁሉ ይደፋ፣ የተጠበሰው ዓሣም ጭምር። አረፋ የሚረጭ ማጥፊያ (ፎም) ከተጠቀማችሁ ፍሳሹ ወደ ሐይቁ እንዳይሄድ በአሸዋ ገድቡት።

ደረጃ 8፦ ሲሊንደሩን ስታስሞሉ

«ሙላልኝ» ብሎ መተው አይበቃም። ምን ዱቄት እንደሚሞላ ጠይቁ። ኤቢሲ አሲድነት አለው፣ ቢሲው ሶዳ ነው። አሮጌው ሳይራገፍ ሌላው ከተጨመረበት፣ በተለይ እርጥበት ካለ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ጋዝ እየፈጠሩ ግፊቱን ይጨምራሉ፤ ዱቄቱም ይጋገራል። መለያውና ይዘቱ አንድ መሆናቸውን በዓይናችሁ እዩ።

የዱቄት ሲሊንደር ለሙከራ ያህል አንዴ ጠቅ ከተደረገም ይሞላ። ጥቂት ዱቄት ቫልቩ ላይ ይቀመጥና ግፊቱ ቀስ እያለ ያመልጣል። ጌጁ ዛሬ አረንጓዴ ላይ ቢሆንም ከሳምንታት በኋላ ቀዩ ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ።